የአንባብያን ጥያቄ፦ የቶማስ ቼኮን የጀርባ ዋና

ጥያቄ፦ ጣሊያናዊው ቼኮን በጀርባ ዋና ምን አሳክቷል? ውሃ ስር ያን ያህል መቆየቱስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር አራተኛ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ቡዳፔስት ላይ 51.60 ሰከንድ ገብቶ የአሜሪካዊውን ዋናተኛ የራያን መርፊን የ51.85 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የፓሪሱን ወርቅ ግን በ52.00 ነው የወሰደው፤ በፍጻሜ ዋናው ነገር መቅደም እንጂ ሰዓት አይደለም።

ውሃ ስር መቆየት ይፈቀዳል። ከመነሻውም ከመዞሪያውም በኋላ ግን ጭንቅላት እስከ 15 ሜትር ድረስ ብቅ ማለት አለበት፤ ካለፈ ውጤቱ ይሰረዛል። ላይ ላይ ማዕበሉ ስለሚይዝ፣ ከስር ሁለት እግርን ገጥሞ መምታት ይፈጥናል። ብዙ ጀማሪዎች ከጉልበት ብቻ ይመታሉ፤ ያኔ ጭኑ ውሃውን ይገፋና ፍጥነቱ ይሞታል። ምቱ ከወገብ መነሳት አለበት። ግድግዳው መቅረቡን የሚያውቁት ደግሞ 5 ሜትር ሲቀር ከላይ በተሰቀሉት ባንዲራዎች ነው፤ ከዚያ የክንድ ምት ይቆጥራሉ።