ቆዳውን ፈትናችኋል? ስለ ፊዚዮቴራፒ ሥራ ጥንቃቄና ስለ ክስ፣ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። 22 ዓመት በፊዚዮቴራፒ ሠርቻለሁ። አሁን አሁን ታካሚ ከማየት ይልቅ ጉዳት የደረሰባቸውን ሰዎች መዝገብ ማገላበጥ ይበዛብኛል። «የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው?» የሚለውን ነው የምፈልገው። ጠይቁኝ። የየሀገሩን ሕግ ግን ተዉኝ፣ ጠበቃ አይደለሁም።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ገና መመረቄ ነው። በጣም መፍራት ያለብኝ የትኛውን ሕክምና ነው?

አንገት ማንቋቋት እንደምል ጠብቀሽ ይሆናል። ሆት ፓክ ነው፤ በጋለ ውሃ ተነክሮ የሚያመው ቦታ ላይ የሚቀመጠው ማሞቂያ። መሳቅ ከፈለግሽ ሳቂ። ፓኩ የሚነከርበት ውሃ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። እንዲህ የጋለ ነገር ሰው ላይ የምናስቀምጠው በመሃል ከ6 እስከ 8 ድርብ ፎጣ ስላለ ብቻ ነው። ፎጣው ከሳሳ ወይም ታካሚው ፓኩ ላይ ከተኛበት ነገሩ ይለወጣል። ሲተኛበት ፎጣው ይጨፈለቃል። የቆዳው የደም ዝውውርም ስለሚታፈን ሙቀቱን ይዞለት የሚሄድ የለም።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በ3ኛው ዓመት አንድ የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት ባታቸው ይዟቸው መጡ። ፓኩን አደረግሁላቸው። «አባባ፣ እንዴት ነው ሙቀቱ?» አልኳቸው። «ደስ ይላል ልጄ» አሉኝ። በማግስቱ ባታቸው ውሃ ቋጥሮ ተመለሱ። ለካ ስኳሩ ነርቩን ጎድቶት ኖሯል፤ መቃጠላቸው አልተሰማቸውም። እኔ ደግሞ አልፈተንኩም። ካርዳቸው ላይ «ሆት ፓክ፣ 20 ደቂቃ» ከሚል በቀር ምንም አልጻፍኩም። ቁስሉ እስኪድን ወራት ፈጀ። ሰውየው አልከሰሱኝም። ቢከሱኝ ኖሮ የምለው አልነበረኝም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሁለት ትንንሽ ቱቦ ያዢ፣ አንዱ ሞቅ ያለ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት። ታካሚው ዓይኑን ይጨፍን። ፓኩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እያቀያየርሽ አስነኪው። መዳፉ ላይ ሳይሆን እዚያው ቦታ ላይ! ለይቶ ከነገረሽ ቀጥዪ። ካልለየ ሙቀት የለም፣ አለቀ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ፎጣውን ገልጠሽ ቆዳውን እዪ። መጥሪያ ደወል እጁ ላይ ይሁን። ከዚያ ሁሉንም ጻፊው።

ባለ ዎከሩ፦ ለሙያ ክስ የሚሆን የትኛው ኢንሹራንስ ይሻላል?

አላውቅም። ሻጩን አንድ ነገር ጠይቀው። የሚሸፍነው ጉዳቱ የደረሰበትን ጊዜ ነው ወይስ ክሱ የቀረበበትን? ሁለተኛው ከሆነ ሥራ ስትለቅ ክፍተት ይፈጠርብሃል።

ሰላም ፈላጊ፦ ምንም ስጋት የሌለበት ክሊኒክ እንዴት ነው የሚቋቋመው?

ታካሚ የማይገባበት ከሆነ ይቻላል። ጥያቄህን ቆራርጠህ አምጣልኝ።

ባለ ቅጹ፦ እኛ ጋ ሁሉም ታካሚ በመጀመሪያው ቀን የፈቃድ ቅጽ ይፈርማል። አይበቃም?

አይበቃም። ምን ልታደርጉ እንደሆነ፣ ምን ሊጎዳው እንደሚችል፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳለው ነግራችሁታል? ገብቶታል? ሐሳቡን ሲቀይርስ ታቆማላችሁ? በተለይ እጃችሁ ብሽሽት፣ ዳሌ ወይም ደረት አካባቢ የሚሄድ ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ተናገሩ። አብሮት ሰው እንዲሆን ይፈልግ እንደሆነም ጠይቁት። ምንም ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው፣ ዝም ብሎ በመንካቱ ብቻ መከራውን ያየ ባልደረባ አውቃለሁ።

ቋ ባይ፦ ጋሼ፣ አንገትን ለምን ዘለሉት? እኔ በየቀኑ ነው የታካሚን አንገት ድንገት አዙሬ «ቋ» የማደርገው። እስካሁን ምንም አልተፈጠረም።

ቀስ በቀስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ «እስካሁን» የምትለው ነገር ነው የሚያስፈራኝ። የአንገት ደም ሥር ተሰነጠቀ ማለት ስትሮክ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። በቀላል እንቅስቃሴና በልምምድ ማከም እየተቻለ ምን አስቸኮለህ?

ቋ ባይ፦ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው። እንደዚያማ ከሆነ መድኃኒትም አይሰጥ።

ቀስ በቀስ፦ መድኃኒት የሚሰጠው ታካሚው ምን እንዳለበት ተጠይቆ ነው።

ቋ ባይ፦ እንደማልጠይቅ ማን ነገረህ? ሥራዬን ሳታይ ነው የምትፈርደው?

ረጋ በሉ። አልፎ አልፎ መሆኑ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ረስታችኋል። ደም ሥሩ ቀድሞ የተሰነጠቀ ሰውም ወደ እኛ የሚመጣው «አንገቴን አመመኝ፣ ራሴን አመመኝ» ብሎ ነው። ችግሩን ይዞት ገብቶ እጃችን ላይ ይብስበታል። ከዚህ በፊት የማያውቀው ዓይነት ሕመም ነው? ማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የአፍ መተሳሰር፣ መዋጥ ማቃት፣ ፊት መደንዘዝ አለ? በቅርቡ ግጭት ወይም መውደቅ ደርሶበታል? ደም ግፊቱን ለኩ። የራስ ቅል ነርቮቹን እዩ። የሚያሰጋ ነገር ካለ አትንኩ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ላኩ። ጠይቃችሁ «የለም» ካላችሁም «የለም» ብላችሁ ጻፉ። አሁን ይብቃችሁ።

ቸኩሎ መጪ፦ ጋሼ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚሞቀው ጄል ፓክስ? እሱ እንኳን ችግር የለውም አይደል?

ከላይ ያለውን አንብብ። እሱማ ሙቀቱ እኩል አይከፋፈልም፤ አንዱ ጥግ ለብ ሲል ሌላው ይፋጃል። ቆዳውን ፈትነሃል?

ቸኩሎ መጪ፦ ለማከሚያ የምንጠቀምበት አልትራሳውንድ ከሆነስ?

ቆዳውን ፈትነሃል? የማሽኑን ጭንቅላት አንድ ቦታ አታቁመው። ካንሰር ባለበት፣ በነፍሰ ጡር ሆድና ወገብ፣ በፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) አካባቢ አይደረግም። ተማሪ ቤት ያስተማሩህ ነው።

ሦስተኛ ዓመት፦ የወገብ ሕመምተኛ መቼ ነው ሳልነካ ወደ ሐኪም የምልከው?

ጎበዝ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው። ሽንት አልወጣ ካለው ወይም ካመለጠው፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮቹ ከደከሙ፣ ለነገ አይባልም። ከአከርካሪው ታች የሚወርደው የነርቭ ጅራት ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ታካሚው ይህን ራሱ አይነግርህም። ሽንትን ከወገብ ጋር ማን ያገናኘዋል? ደግሞም ያፍራል። አንተ በግልጽ ጠይቅ። ካንሰር ታሞ የሚያውቅ፣ ሳይፈልግ የከሳ፣ ትኩሳት ያለው፣ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ወስዶ ድንገት ወገቡን ያመመው ሰውም ሳይመረመር ልምምድ አይጀምርም። አንድ ባቱ ብቻ አብጦ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ የደም መርጋትን አስብ፣ ማሸት የለም። «ሪፈር አድርጌያለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ብለህ? ጻፈው።

ዞር ስል፦ ዎከር (የመራመጃ ድጋፍ) ይዞ የቆመ ታካሚ ስልኬን ላነሳ ዞር ስል ወደቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው?

አዎ። ታካሚውን የምትደግፍበት ቀበቶ የት ነበር? እጅህስ?

ዞር ስል፦ ይቅርታ ልበለው? አለቃዬ «አፍህን ዝጋ፣ ጥፋት ማመን ይሆንብሃል» አለኝ።

ቀስ በቀስ፦ ይቅርታማ ይባላል! ሰው የሚከሰው ሲናቅ ነው።

ባለ ቅጹ፦ ቆይ፣ ችሎት ላይ ቢጠቀስበትስ?

ሕጉ እንደየሀገሩ ነው ብያለሁ። ይቅርታ ይደመጣል አይደመጥም የሚለውን ጠበቃ ይንገራችሁ። መጀመሪያ ታካሚውን መርምር፣ ሐኪም ጥራ። «አዝናለሁ» በለው፣ ምን እንደሆነም ንገረው። ካርዱ ላይ ያየኸውን ብቻ ጻፍ። «መሬቱ ስላዳለጠው ይመስለኛል» አትበል፣ የሥራ ባልደረባህንም አትክሰስ። ስለ አደጋው የሚሞላው የውስጥ ሪፖርት ለብቻው ይሁን፣ ከካርዱ ጋር አይያያዝ።

ዞር ስል፦ የዚያን ቀን ኖት አልጻፍኩም ነበር። የትናንት ቀን ብጽፍበትስ?

እንዳታደርገው! መውደቁን ማስረዳት ይቻል ይሆናል። የተነካካ መዝገብን ግን ማንም አያስረዳልህም፤ ኮምፒውተር ከሆነማ የጻፍክበትን ደቂቃ ይናገራል። የዛሬን ቀንና ሰዓት አድርገህ «ዘግይቶ የተጻፈ» በል። ወረቀት ላይ የተሳሳትከው ካለ አንድ መስመር አስምርበት፤ የበፊቱ ይነበብ። ፈርምበት።

ሰላም ፈላጊ፦ ለክሊኒክ የትኛው ማሽን ይሻላል?

ሌላ ሰው ይመልስልህ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ቱቦ ስላልነበረኝ ዛሬ በሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ሞከርኩ። አንዲት እናት ግራ እግራቸው ላይ ሙቁን ከቀዝቃዛው መለየት አቃታቸው። ሆት ፓኩን ተውኩት።

ጠርሙስም ይሆናል። ጻፍሽው?

አዲስ ገቢ፦ ገና ነኝ።

ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?