ምጣድና ስቶቭ አንድ መስመር ላይ አይስማሙም

አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት እናት ጠይቀውኛል። ምጣድ ሰክተው ጥቂት እንጀራ እንዳወጡ ብሬከሩ ይጥላል፣ ማለትም መብራቱን ይቆርጣል፤ በተለይ ጎን ለጎን ወጥ ሲሠሩ። የሰፈር ልጅ «በትልቅ ብሬከር እንቀይረው» ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ስቶቩን ትተው ኢንዳክሽን፣ ማለትም ድስቱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቅ ምድጃ፣ ለመግዛት አስበዋል። ኩሽናቸው ጠባብ ነው፤ ምጣዱን የት ላድርገው ብለዋል።

እትዬ፣ መጀመሪያ ልጁን ያስቁሙልኝ። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ባለ 20 አምፔሩ ወጥቶ ባለ 32 አምፔር ቢገባ መጣሉ ይቀራል፤ ውሸት አልነገረዎትም። ከዚያ በኋላ ግን የሚግለው ሽቦው ነው። ሽታው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ማንም አያየውም።

ሂሳቡን እንሥራው። የቤት ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። የ2,000 ዋት ስቶቭ 9 አምፔር ይጨምራል። ድምሩ 25። በባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የተዘረጋና ባለ 16 ወይም ባለ 20 ብሬከር ያለው የሶኬት መስመር ይህን አይችልም። ቆይቶ የሚጥለውም ለዚህ ነው፤ ብሬከሩ ውስጥ ያለችው ቀጭን ብረት ቀስ በቀስ ግላ ስትጣመም ነው የምትለቀው።

እንደሰኩት ወዲያው ቢጥል ኖሮ ሾርት ወይም እርጥበት እጠረጥር ነበር። ከሸክላው ስር ያለው የሚግል ሽቦ በጀሶ ተለስኖ ነው የተቀበረው። ጀሶ ውሃ ይጠጣል። ክረምቱን ሲሚንቶ ወለል ላይ የከረመ ምጣድ ሲነካ የሚነዝረው ከዚህ የተነሳ ነው። ምጣድ በውሃ አይታጠብም። የጎመን ዘርና ንጹሕ ማሰሻ ይበቃዋል።

አሁን አንድ ነገር ይሞክሩ። በሚቀጥለው ጋገራ ስቶቩንም ውሃ ማፍያውንም ይንቀሉና ምጣዱን ብቻ ይሰኩ። ካልጣለ ችግሩ የጭነት ነው። ያኔም ከጣለ ብሬከሩን አጥፍተው፣ ሲቀዘቅዝ፣ የመሰኪያውን እግሮች ይዩ። አንደኛው እግር ጠቁሮ፣ የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ካገኙት ግንኙነቱ ላልቷል ማለት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ መመለስ ዋጋ የለውም። መሰኪያውም ሶኬቱም አብረው ይቀየሩ። አንዱ ብቻ ከተቀየረ አሮጌው አዲሱን ያቃጥለዋል። ምጣድን በዲቫይደር መሰካትማ ጭራሽ አይታሰብ።

ዘላቂው መፍትሔ ለምጣዱ የራሱ መስመር ማስዘርጋት ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ በባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ኤርዙ (የመሬት መስመሩ) ሳይቀር፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር ይዞ። ኤሌክትሪሻኑ ሥራ ሳይጀምር ዋናው ብሬከር ስንት እንደሚችል ይይ። እሱ ትንሽ ከሆነ አዲስ መስመር ቢዘረጋም አብሮ መጠቀም አይቻልም፤ ያኔ ወጡ ቀድሞ ይሠራል፣ ጋገራው ይከተላል።

እግረ መንገዴን፦ ማታ መብራት ሲደክም ዓይን የሌለው እንጀራ የሚወጣላቸው ሰዎች ምጣዱን ነው የሚሰድቡት። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል በሲሶ ይቀንሳል። ሊጡም ምጣዱም ጥፋት የለባቸውም። ጠዋት ይሞክሩት።

ኢንዳክሽን ጥሩ ዕቃ ነው። ድስቱን ራሱን ስለሚያሞቅ ትንሽ ኩሽና በሙቀት አይታፈንም። ግን ከመክፈልዎ በፊት ማግኔት ይዘው ድስቶችዎን ቂጣቸው ላይ ይፈትሹ። ከማይለጥፈው ድስት ጋር አይሠራም። የአሉሚኒየም ድስት፣ የሽሮ ሸክላ፣ ጀበና፣ ሁሉም ከጨዋታ ውጭ ናቸው። ከማይዝግ ብረት የተሠሩትም አንዳንዶቹ አይለጥፉም። ካሉት ድስቶች አብዛኞቹ ከወደቁ ኢንዳክሽኑ ከነድስቱ ስለሚገዛ ወጪው ሌላ ነው። እኔ ብሆን ሽቦው የማይታይ፣ ድፍን ስቶቭ እገዛለሁ። ሽቦው የተጋለጠው ርካሽ ነው፤ ግን ወጥ ሲገነፍልበት ይበጠሳል፣ በብረት ማንኪያ ቢነካም ያስደነግጣል። ደግሞም ኢንዳክሽን ስለገዙ ጭነቱ አይጠፋም። እሱም በሙሉ ኃይሉ 2,000 ዋት ገደማ ይስባል።

ስለ ቦታው። ምጣዱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ይሠራለትና መስኮት አጠገብ ይቁም። ከላይ ቁምሳጥን አይኑርበት። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ቺፑዱን ያሳብጠዋል፣ በጥቂት ወራት በሩ አልገጥም ይላል። በማቆሚያው ስር ሰፌድና ቡሃቃ ይገባሉ። ዘይትና ማሰሻ ግን ራቅ ይበሉ። ጋገራ በሌለበት ቀን ምጣዱን አቁመው ግድግዳ ላይ አያስደግፉት፣ ድስትም አይደርድሩበት፤ ሸክላው ይሰነጠቃል። ተጋድሞ፣ አክንባሎውን ለብሶ ይቀመጥ።

ማቆሚያው የሚቆምበትን ቦታ መስመሩ ከመዘርጋቱ በፊት ይወስኑና ለኤሌክትሪሻኑ በጣትዎ ያሳዩት። ግድግዳ ከተቦረቦረ በኋላ «ትንሽ ወደዚህ ቢሆን» ማለት ሌላ ሂሳብ ያስከፍላል።