ሠራተኛ ሲለቅ የሥራ ቻቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «35 ሠራተኞች አሉን። የሥራ መልእክት የምንለዋወጠው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግሩፑን የከፈተው ባልደረባችን በቅርቡ ሲለቅ ባለቤትነቱን ለማንም አላስተላለፈም፤ ከሌሎቻችን ጋር ስለ ደንበኞች የተጻጻፈባቸው የግል ቻቶችም ከእኛ ስልክ ሳይቀር ጠፉ። ስላክ የተባለውን የመሥሪያ ቤት መላላኪያ ሞክረን ነበር፤ 4 ጊጋባይት ራም ያላቸው ኮምፒውተሮቻችን ግን ተንቀራፈፉ። የትኛውን ብንይዝ ይሻላል?»

መልስ፦ ለመሥሪያ ቤት የሚሆን መላላኪያ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ሠራተኛ በለቀቀ ዕለት አካውንቱን ማን እንደሚዘጋው ነው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ሲግናል ላይ አካውንቱ የስልክ ቁጥሩ ባለቤት ንብረት ነው። ሰውየውን ከግሩፕ ማስወጣት ይቻላል፤ አካውንቱ ላይ ግን ምንም ሥልጣን የለዎትም። ለመሥሪያ ቤት ተብለው በተሠሩት በስላክ፣ በማይክሮሶፍት ቲምስ፣ በዙሊፕና በማተርሞስት ላይ ግን አካውንቱን የሚከፍተውም የሚዘጋውም የመሥሪያ ቤቱ አድሚን ነው። አካውንቱ ሲዘጋ ሰውየው ከገባበት መሣሪያ ሁሉ ይወጣል፤ የጻፈው ግን ባለበት ይቆያል።

የግል ቻቶቹ ከእናንተም ስልክ የጠፉት ብልሽት ተፈጥሮ አይደለም። ቴሌግራም ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሁለት ሰዎች ቻት ውስጥ አንዱ ወገን ሙሉውን ውይይት ከሁለቱም ዘንድ እንዲያጠፋ ይፈቅዳል፤ የጊዜ ገደብም የለውም። ለግለሰብ ጥሩ መብት ነው። የደንበኛ ትእዛዝና የዋጋ ስምምነት የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ መኖር የለበትም።

ግሩፑን በተመለከተ፣ ባልደረባችሁ አሁንም ስልክ የሚያነሳ ከሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁት። ግሩፑን ለማረም በሚከፈተው ገጽ ላይ የአድሚኖችን ዝርዝር ይከፍታል፣ ከእናንተ አንዱን መርጦ ሙሉ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ባለቤትነት ማስተላለፊያው ያኔ ከታች ይመጣለታል። አንድ ነገር ያስታውሱት፦ በአካውንቱ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ከነቃ ቢያንስ 7 ቀን ካልሞላው ቴሌግራም ማስተላለፉን አይፈቅድም።

ዋትስአፕ ለዚህ ችግር መፍትሔ አይሆንም። መልእክቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ (ከተጻጻፉት ሰዎች በቀር ማንም የማያነበው) መሆኑ ከተራ የቴሌግራም ግሩፕ ያስበልጠዋል፤ ነገር ግን ውይይቱ የሚቀመጠው በየሰዉ ስልክ ላይ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ የራሱ ቅጂ የለውም። ሲግናልም በዚህ ረገድ ያው ነው። ምስጢር ለመጠበቅ ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ፤ ለሥራ መዝገብ ግን አልመክረውም።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። የቴሌግራም ዴስክቶፕ መተግበሪያ በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ለኮምፒውተር ተብሎ የተጻፈ ስለሆነ አሮጌ ማሽን ላይም ቀልጠፍ ይላል። የስላክ መተግበሪያ ግን በውስጡ አንድ ሙሉ ብራውዘር ይዞ ነው የሚነሣው። ሠራተኛው ክሮምን ከፍቶ እየሠራ ስላክን ሲያስነሣ ሁለት ብራውዘር ጎን ለጎን ራም ይሻማሉ፤ 4 ጊጋባይት ደግሞ ለዊንዶውስ ራሱ እንኳ ጠባብ ነው። የዙሊፕና የማተርሞስት ዴስክቶፕ መተግበሪያዎችም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ደካማዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ምንም አይጫኑ፤ ቀድሞ በተከፈተው ብራውዘር ውስጥ በአንድ ታብ ይክፈቱት፣ ታቡን ፒን ያድርጉት፣ ኖቲፊኬሽን ይፍቀዱለት። ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል።

ለኢሜይላችሁ የማይክሮሶፍት 365 ክፍያ የምትፈጽሙ ከሆነና ቲምስ በጥቅላችሁ ውስጥ ካለ ሌላ ፍለጋ አያስፈልግም፣ እሱን ያዙ። ካልሆነ ግን የስላክ ነፃ አገልግሎት አያታልላችሁ፦ ከ90 ቀን በላይ የሆነውን መልእክት ይሸሽጋል፣ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ዓመት ያለፈውን ጭራሹን ይሰርዛል። ለ35 ሰው መክፈል ከቻላችሁ የተጣራ ዕቃ ነው።

የእኔ ምርጫ ለእናንተ ዙሊፕ ነው፤ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም መልእክቱን ሁሉ በሚያስቀምጥና በሚያከፋፍል የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ። ዙሊፕ ቻናል ውስጥ የሚጻፍ መልእክት ርእስ እንዲኖረው ያደርጋል። ሽያጭ ቻናል ውስጥ አንዱ ስለ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ሌላው ፕሪንተሩ ወረቀት እንደዋጠ ይናገራል፣ ሦስተኛው ዕቃው መጋዘን መድረሱን ያበስራል፤ ቴሌግራም ላይ ሦስቱ ተደባልቀው የደረሰኙ መልስ ከላይ ተቀብሮ ይቀራል። ዙሊፕ ላይ ግን «ደረሰኝ» የሚለውን ርእስ የከፈተ ሰው የሚያገኘው ስለ ደረሰኙ የተባለውን ብቻ ነው፤ ከእረፍት የተመለሰ ሠራተኛም የማይመለከተውን ርእስ እንዳለ ዘልሎ ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን ሠራተኞች «ርእስ መጻፍ ምን አስፈለገ» ብለው ያጉረመርማሉ። ይታገሷቸው፤ የድሮ ነገር ፈልገው ሲያገኙ ይለምዱታል። ማተርሞስትም በራስ ሰርቨር የሚሠራ፣ መልኩ ወደ ስላክ የሚቀርብ ነው፤ ከመወሰናችሁ በፊት ነፃ እትሞቹ ላይ ያለውን ገደብ አንብቡ።

ዙሊፕ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ያለበት ማሽን ይፈልጋል። 2 ጊጋባይት ራም መነሻው ነው፤ እኔ ግን 4 አደርግለታለሁ። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከተቀመጠ ኢንተርኔት ቢቋረጥም የውስጥ ኔትወርኩ ላይ ያሉት መጻጻፋቸውን ይቀጥላሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የስልክ ኖቲፊኬሽንን ነው፦ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ቢሆንም ኖቲፊኬሽኑ ስልክ ላይ የሚደርሰው በዙሊፕ ኩባንያ አገልግሎት በኩል አልፎ ነው፤ ነፃው ደግሞ እስከ 10 ተጠቃሚ ላለው ሰርቨር ብቻ ነው። እናንተ 35 ስለሆናችሁ ይህን ወጪ ከአሁኑ አስቡት። ባክአፑ (የመጠባበቂያ ቅጂው) በየቀኑ ወደ ሌላ ማሽን ይሂድ፤ አንድ ጊዜም በባዶ ማሽን ላይ መልሳችሁ አስነሡት፣ ካልተነሣ ባክአፕ አላችሁ ማለት አይቻልም። ሰርቨሩን በየጊዜው የሚያዘምን ሰው ከሌላችሁ ግን ይህን መንገድ ተዉትና ለስላክ ክፈሉ።

ከመሸጋገራችሁ በፊት ከቴሌግራም የቀረውን አውጡ። የግሩፑ አባል በሆነ ሰው ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ዴስክቶፕን ከፍታችሁ፣ በግሩፑ ገጽ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትጫኑ ቻቱን ወደ ውጭ መላኪያ ታገኛላችሁ። ፎቶና ፋይል የሚሉትን ምረጡ፣ የፋይል መጠን ገደቡን ከፍ አድርጉ፣ ቅርጹን ኤችቲኤምኤል በሉት፤ በማንኛውም ብራውዘር የሚከፈት ፎልደር ይወጣል። ከዚያ ሥልጣኑ ያለው አድሚን ካላችሁ የአባላትን የመጻፍ ፈቃድ ይዝጋና የአዲሱን ቦታ አድራሻ ከላይ ፒን ያድርግ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ክፍት ከሆኑ ሰው ወደለመደው ይመለሳል።