ሊቁን ያሳሳተ አንገት

ጥያቄ፦ ለልጄ በገዛሁለት የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ኤላስሞሳውረስ የተባለ የጥንት የባሕር እንስሳ፣ ረጅም አንገቱን እንደ ቀጭኔ ከውኃው በላይ ቀጥ አድርጎ ይታያል። ይህ እንስሳ ዳይኖሰር ነውን? አንገቱስ በእውነት ይህን ያህል ይረዝም ነበርን?
አንድ አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከኋለኛው ጥያቄዎ ብንጀምር፣ የአንገቱ ርዝመት እውነት ነው፤ እንዲያውም ሊቅ አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1867 ቲዮፊለስ ተርነር የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም የዚህን እንስሳ ቅሪተ አካል ያገኘው በአሜሪካ፣ በምዕራብ ካንሳስ ነበር፤ ዛሬ ሣር የለበሰው ያ ሜዳ ከ80 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። አጥንቶቹ ፊላደልፊያ ሲደርሱ የቅሪተ አካል ሊቁ ኤድዋርድ ድሪንከር ኮፕ ገጣጠማቸውና ጭንቅላቱን ከጅራቱ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። በእኛም በቀጭኔም አንገት ውስጥ ያሉት የአከርካሪ አንጓዎች 7 ብቻ ሲሆኑ የኤላስሞሳውረስ ግን ከ70 ይበልጣሉና፣ ያንን ሁሉ አጥንት ጅራት ነው ብሎ መገመቱ በእኔ አስተያየት ብዙ የሚያስወቅሰው አይደለም። ሌላው የቅሪተ አካል ሊቅ ጆሴፍ ላይዲ በ1870 ስህተቱን በጉባኤ ፊት ሲገልጠው፣ ኮፕ የተሳሳተውን አገጣጠም የሚያሳየው ሥዕሉ የታተመበትን ጽሑፍ ከየሰዉ እጅ መልሶ ለመግዛት ተሯሯጠ፤ ሁሉንም ግን አላገኘም።

እንስሳው ዳይኖሰር አይደለም። በዳይኖሰሮች ዘመን ይኑር እንጂ፣ እግሮቹ ወደ መቅዘፊያነት የተለወጡ፣ ፕሌሲዮሳውር ከሚባለው ሌላ የገበሎ አስተኔ ወገን ነው።

የመጽሐፉ ሥዕል የሚሳሳተው በአንገቱ ርዝመት ሳይሆን በአያያዙ ነው። ከ10 ሜትር ጥቂት ከሚበልጠው ርዝመቱ 7 ሜትር ያህሉ አንገት ሲሆን፣ ውኃው ደግፎ የሚያቀልለትን ይህን ሸክም አየር ላይ ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ጡንቻውም አቅም አልነበረውም፣ እርስ በርስ ተቀራርበው የገጠሙት አንጓዎቹም አይፈቅዱለትም ነበር። አንገቱ የጠቀመው ምናልባት ግዙፉ ገላው ርቆ ሳለ ትንሿን ጭንቅላት ወደ ዓሣው መንጋ ለማስጠጋት ሳይሆን አይቀርም። የሚተነፍሰው በሳንባ ስለሆነ ወደ ውኃው ገጽ መውጣቱ አይቀርም ነበር፤ ስለዚህ ለልጅዎ ሥዕሉን ማረም ከፈለጉ ከማዕበሉ በላይ ጭንቅላቱን ብቻ ይሣሉለት፤ አንገቱ ከውኃው በታች ተጋድሞ ይቅር።