ቤታ አንቲቫይረስ ለደሴው ኮምፒውተር? መጀመሪያ እናንተው ጋ ሞክሩት

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድምና እህቶቼ፣ አዲስ ነፃ አንቲቫይረስ በቤታ ሲወጣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ባለው የቤተሰብ ኮምፒውተር ላይ ከሩቅ ሆናችሁ ለመጫን እጃችሁን ይበላችኋል። አትቸኩሉ። ቤታ ማለት አምራቹ ጉድለቱን ተጠቃሚው እንዲያገኝለት የለቀቀው ያላለቀ ሥራ ነው። ተራ ፕሮግራም ሲበላሽ ራሱ ይዘጋል፤ አንቲቫይረስ ግን የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ገብቶ ስለሚሠራ ሲወድቅ ኮምፒውተሩን ይዞ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ አንድ የተሳሳተ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ አስቁሟል። ያውም ቤታ ሳይሆን በገንዘብ የሚሸጥ ነበር።

ዊንዶውስ ላይ አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ ይበቃል ወይ ለሚል፣ አብሽሩ። ፒያሳ ላይ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ለሚሠራ ሱቅ ዋናው አደጋ ደንበኛ ይዞት የሚመጣው ፍላሽ ነው፤ አፕዴቱን የሚያገኝ ዲፌንደር የተለመዱትን፣ ፋይል ደብቀው ሾርትከት የሚተኩትንም ጨምሮ፣ ይይዛል። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ግን ዲፌንደር ራሱን ያገላል፤ የተፈተነውን ዘበኛ አሰናብታችሁ ያልተፈተነውን በር ላይ አቆማችሁ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆኑ ደግሞ መጀመሪያ የዊንዶውሱ ነገር ይታሰብ።

መሞከር ከፈለጋችሁ እናንተ ጋ ባለ ትርፍ ላፕቶፕ ላይ ሞክሩ። ፋይሎቹን ውጪ ኮፒ አድርጉ፤ ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልስ ሪስቶር ፖይንት ፍጠሩ፤ ይህን የሚሠራው ሲስተም ፕሮቴክሽን ጠፍቶ ከሆነ መጀመሪያ አብሩት። የአምራቹን ልዩ ማራገፊያም አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ኮምፒውተሩ ሴፍ ሞድ ላይ (ዊንዶውስ መሠረታዊ ነገሮችን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) ብቻ ሲነሳ ግን የተለመደው ማራገፊያ ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል። ቀድሞ የተጫነ ሌላ አንቲቫይረስ ካለ ይውጣ፤ ሁለቱ አንድ ፋይል ላይ ሲሻሙ ኮምፒውተሩ ይንቀረፈፋል ወይም ደርቆ ይቀራል።

ከተጫነ በኋላ ኢካር በሚባለው፣ 68 ምልክቶች ብቻ ባሉት ጉዳት የለሽ የሙከራ ፋይል ፈትኑት። ዝም ካለ ጥበቃው አልበራም። ይህ ቀላሉ ፈተና ነው፤ የሚከብደው ንጹሑን መተው ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 ማካፊ የተባለው አንቲቫይረስ አፕዴት የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን ፋይል ቫይረስ ብሎ ብዙ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጪ አድርጓል። ስለዚህ ሱቁ የሚሠራበትን ሁሉ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም ሆነ የሂሳብ መዝገብ መያዣው ፒችትሪ፣ ጭናችሁ እዩ። የአማርኛ መጻፊያዎች የምትነኩትን ቁልፍ ሁሉ እየተከታተሉ ወደ ፊደል ስለሚቀይሩ፣ ቤታው የይለፍ ቃል ሰላይ ሊላቸው ይችላል። ከያዛቸው ከኳራንታይን (የተጠረጠረ ፋይል ከሚታገድበት ቦታ) መልሱና የዚያን ፕሮግራም ፎልደር ብቻ ከፍተሻ ነፃ አድርጉ። ሲ ድራይቭን በሙሉ ነፃ ያደረገ ሰው አንቲቫይረስ አለኝ አይበል።

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። በራሳችሁ የማይክሮሶፍት አካውንት ከፍታችሁ የላካችሁት አዲስ ላፕቶፕ ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። በደህናው ቀን ማንም አያውቀውም። ቤታው ዊንዶውስን አላስነሳ ሲል ግን ሪከቨሪ የሚባለው የዊንዶውስ መጠገኛ ገጽ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ያለው ደግሞ እናንተ አካውንት ውስጥ ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ያለ ባለሙያ ጋ ቢወሰድም፣ ባለሙያው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ያለ ቁልፉ ፋይሉን ማውጣት አይችልም፤ የሚቀረው ፎርማት ነው። ከአካውንታችሁ የዲቫይስ ገጽ ቁልፉን ገልብጣችሁ ቤት ያለ ሰው ወረቀት ላይ ይጻፈው። ቤታ ባትጭኑም አድርጉት። ቁልፉ ከገባ መንገዱ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ከዚያ ቁጥር 4 ነው፤ ሴፍ ሞድ ይከፈታል።

ትርፍ ኮምፒውተር ደሴም አለ፣ እዚያው ልጫነው ካላችሁ ሰዓቱን ምረጡ። በሀበሻ ሰዓት አቆጣጠር ደሴ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ነው፤ ሁለታችሁም ነቅታችኋል። የቤታው ፋየርዎል ከሪስታርት በኋላ ኮምፒውተሩን ከሩቅ የምትቆጣጠሩበትን ኤኒዴስክን ሊዘጋባችሁ ስለሚችል ኢሞ ወይም ቴሌግራም ላይ ስክሪኑን የሚያሳያችሁ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ባትሪው ይሙላ፤ ድራይቨር እየተጫነ መብራት ከሄደ ግማሽ የተጫነ አንቲቫይረስ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ጥቂት ሜጋባይት የሚመስለው ትንሹ መጫኛ ዋናውን ፋይል የሚያወርደው ከቤተሰቡ የኢንተርኔት ፓኬጅ ላይ ነውና ሙሉውን መጫኛ በፍላሽ ላኩ።

የቤታ ፈቃድ ጊዜው ሲያልፍ ጥበቃው ሊቆም ይችላል። ወደ ዋናው ስሪት ራሱ ይሸጋገራል ብላችሁም አትጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ አራግፎ እንደ አዲስ መጫን ይጠይቃል። ካራገፋችሁ በኋላ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍታችሁ ዲፌንደር መመለሱን እዩ። ጠፍቶ ከቀረ የቤታው ቅሪት አለ ማለት ሊሆን ስለሚችል ፍላሽ ላይ ያስቀመጣችሁትን ማራገፊያ ሴፍ ሞድ ላይ አሂዱት።