መልስ፦ መመሪያውን ከግድግዳ ወደ ክፍል ማውረድ

ሰላም ርዕሰ መምህር። «የወረርሽኝ መከላከያ መመሪያውን ለጥፈናል፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚያከብረው የለም፤ ምን ላድርግ?» ብለው ጠይቀዋል።

መጀመሪያ ከራስዎ ይጀምሩ። ርዕሰ መምህሩ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ግቢውን ከዞረ፣ ሌላውም ያንኑ ያደርጋል። ልጆች ከተነገራቸው ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን አየሩ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ ሲስፋፋ ብዙ ትምህርት ቤቶች ጠረጴዛ በመወልወል ደከሙ። ቫይረሱ ግን በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አየር ላይ ይቆያል። ስለዚህ መስኮትና በር ይከፈት። ትይዩ ያሉ መስኮቶች አብረው ሲከፈቱ አየሩ ቶሎ ይቀየራል። በየክፍሉ የሚከፍተው ሰው በስም ይመደብ። «ሁሉም ይክፈት» ከተባለ ማንም አይከፍትም።

እጅ መታጠብማ የታወቀ ነው፤ በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ። ሳሙናው እንዳያልቅ በየጠዋቱ የሚያይ ሰው ግን ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አደራ። የታመመ መምህር ቤቱ ሲቀር ደመወዙ የሚቆረጥ ከሆነ፣ እያሳለም ቢሆን ይመጣል። በእሱ አልፈርድም። ተተኪ አስቀድመው ያዘጋጁ፤ የሕመም ፈቃዱንም ያቅልሉለት። በሕመም የቀረ ተማሪም ነጥብ አይቀነስበት። ለወላጆች ደግሞ ትኩሳት ወይም ሳል ያለበትን ልጅ እንዳይልኩ በአጭሩ ይጻፉላቸው። ማን እንደታመመ ግን ስም አይጥሩ። ልጁ ሲመለስ ጓደኞቹ ይሸሹታል፤ ሌሎች ወላጆችም የልጃቸውን ሕመም መደበቅ ይጀምራሉ።