ፈውስ ያየንበት ሰው ሁሉ የእግዚአብሔር ሰው ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ራስፑቲን የሩሲያን አልጋ ወራሽ በጸሎቱ ይፈውስ እንደ ነበር አነበብሁ። ታዲያ ፈውሱ ከእግዚአብሔር ካልሆነ ከየት መጣ? ይህን የምጠይቀው እናቴ በታመመው ወንድሜ ምክንያት «ባሕታዊ ነኝ» ከሚል ሰው ቤት አልጠፋ ስላለች ነው። ነፍስ አባታችን ይቅርባችሁ ቢሉም «ልጄ ተሽሎት የለም ወይ?» ትላለች።

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ «ተሽሎት የለም ወይ?» የሚለውን ቃል ከብዙ እናቶች አፍ ሰምቼዋለሁ። የሩሲያዋ ንግሥት አሌክሳንድራም ሙግት ይኸው ነበር።

አልጋ ወራሹ ልጇ አሌክሲ ደሙ የማይረጋ ሕመም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1912 መጸው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በፖላንድ ስፓላ በውስጡ ደም ፈሶ በጭንቅ ይጮኽ ነበር፤ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ለሞት ጸሎት ተደርጎለት ነበር። ራስፑቲን ያኔ ሩቅ ሳይቤሪያ ነው። ልጁ እንደማይሞት፣ ሐኪሞቹም አብዝተው እንዳያስቸግሩት የሚል ቴሌግራም ላከ፤ ልጁም አገገመ። ከዚያ በኋላ ያችን እናት ማን ይመልሳት?

ራስፑቲንን ብዙዎች መነኩሴ ይሉታል፤ አልነበረም። ክህነትም ምንኩስናም የሌለው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ገበሬ ነበር።

ያን ልጅ ማን እንዳሻለው እኔ አልፈርድም። እግዚአብሔር የእናቲቱን እንባ አይቶ ይሆናል። ስሕተቱ የልጁን መዳን የሰውየው ቅድስና ማስረጃ ማድረጉ ላይ ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 «በስምህስ ብዙ ተአምራትን አላደረግንምን?» የሚሉትን ሰዎች «ውሸታችሁን ነው፣ አላደረጋችሁም» አላላቸውም፤ «ከቶ አላወቅኋችሁም» ነው ያላቸው። ተአምሩ ተደርጎም ሰውየው የማይታወቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ቃል ቀስ ብለሽ ለእናትሽ አንብቢላት።

ይልቅስ በዚያ ቤተ መንግሥት በማን ላይ በር እንደ ተዘጋ ተመልከቺ። ጳጳስ ፌዎፋን የንጉሣውያኑ ነፍስ አባት ነበሩ፤ ራስፑቲንን በመጀመሪያ በደስታ ከተቀበሉት አንዱም እርሳቸው ናቸው። የሰውየውን ነውር ሲሰሙ ግን ለንግሥቲቱ ተናገሩ፤ በ1910 ወደ ክሪሚያ ተዛወሩ። ራስፑቲንን የተቃወሙት ሜትሮፖሊታን (ሊቀ ጳጳስ) ቭላዲሚርም በ1915 ከዋና ከተማው ተነሥተው ወደ ኪየቭ ተላኩ። ንጉሡ በዚያው ዓመት ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር ሲሄድ ንግሥቲቱ በደብዳቤዎቿ «ወዳጃችን» የምትለውን የራስፑቲንን ምክር እየጠቀሰች ስለ ሹመትና ስለ ሽረት ትጽፍለት ጀመር። በሞስኮ ገዳም መሥርታ ድሆችን ታገለግል የነበረችው እኅቷ ኤልሳቤጥ በ1916 መጨረሻ ልትመክራት ብትሄድ እንኳ አልሰማቻትም፤ ሁለቱ ከዚያ በኋላ አልተያዩም። መኳንንቱ በዚያው ታኅሣሥ ራስፑቲንን ገደሉት። ነፍስ መግደል ኃጢአት ነው፤ አገሪቱንም አላዳናትም፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ዙፋኑ ወደቀ። ለውድቀቱ ጦርነቱና ረሃቡ ብዙ ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን አባቶች የሚናገሩት የማይሰማበት ቤት አስቀድሞ ራቁቱን ቀርቶ ነበር።

ከሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በኬልቄዶን ጉባኤ (እ.ኤ.አ. 451) በተነሣው መለያየት ምክንያት አንድነት ባይኖረንም በዚህ ነገር የእነዚያ አባቶች ጭንቀት የእኛም ነው። ሐዋርያው ዮሐንስ «መንፈስን ሁሉ አትመኑ» ሲል መመርመር የእምነት ጉድለት እንዳልሆነ እያስተማረ ነው። እናትሽ ግን «ከመረመርሁት ልጄ ያገረሽበታል» ብላ ፈርታ ይሆናል። ይህን ፍርሃት ማን እንዳሳደረባት ጠይቂያት። ሰውየው ከሆነ፣ እውነተኛ አባት በልጅ ሕመም እናትን አያስፈራራም።

እናትሽን አትቆጪያት። ልጇን በመውደዷ አልበደለችም፤ የአሌክሳንድራም ኃጢአት እናትነቷ አልነበረም። ሰውየው ከየትኛው ገዳም እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ላከው፣ ለማን እንደሚታዘዝ በግልጽ ይጠየቅ። እናንተን ወደ ንስሐና ወደ ቅዱስ ቁርባን ይመራችኋል ወይስ ከነፍስ አባታችሁ ለይቶ ወደ ራሱ ይስባችኋል? ገንዘብ ከጠየቀ ወይም ወንድምሽ መድኃኒቱን እንዲተው ካዘዘ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ ዛሬውኑ እግራችሁን ሰብስቡ።

በዚህ ሳምንት ነፍስ አባታችሁን ቤት ጥሪያቸው፤ እናትሽ ባለችበት ለወንድምሽ ይጸልዩለት፣ እርሷም ያስጨነቃትን ሁሉ ትንገራቸው። የሐኪም ቀጠሮውንም አታስተጓጉሉ።